የሶፊዋ ሴት ቀኝ እጅ

ያን ቀን በክፍሉ ውስጥ አራት ሴቶች ነበርን። እኔ አንዷ ነኝ፤ በሐረር ሸዋ በር ጨውና ቅመም እሸጣለሁ፣ ዕድሜዬ አርባ ስምንት ነው። ሁለተኛዋ ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ከሶፊ የመጣች ጫት ነጋዴ ናት፤ ከእኔ ብትበልጥ በአንድ ሁለት ዓመት ነው። ሦስተኛዋ ወጣት አስተማሪ ነበረች። አራተኛዋ ሰባ ዓመት ያለፋቸው የከተማ እናት ናቸው። ከበሩ ውጪ ተረኛዋ ጠባቂ ነበረች፤ ልጅ እግር ናት። ኋላ ላይ ኃላፊው መጣ። በክፍሉም በበሩም ሌላ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው ነገ ተነስቶ «እኔም ነበርኩ» የሚል እንዳይመጣ፣ «እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም» የሚልም እንዳይኖር ነው።

የማንንም ስም አልጽፍም። ግቢው የት እንደሆነም አልናገርም። ልጆች አሉኝ።

የወሰዱኝ ጠዋት ነው። በርበሬ እየነፋሁ ነበር። ሁለት ሰዎች ገቡና ጫማቸውን ሳያወልቁ ምንጣፌ ላይ ቆሙ። ሰው ሲደነግጥ የሚያየው ነገር ይገርማል፤ እኔ ያየሁት ምንጣፉን ነው። ትልቁ ልጄ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው። በስልኩ ባለሥልጣኖችን የሚነቅፍ ነገር ጽፏል አሉኝ። እሱ እስኪቀርብ እናትየዋ ትቆይ ተብሏል።

«የግፊት ክኒኔን ልያዝ» አልኳቸው።

«እዚያ ይሰጥሻል።»

«እዚያ የግፊት ክኒን አለ?»

«አትጨነቂ» አለኝ አንደኛው።

እንደዚህ ቃል የሚያበሽቀኝ የለም። ውሃ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ሲመጣና በርሜሉ ሳይሞላ ሲሄድ ጎረቤቴ «አትጨነቂ» ትለኛለች፤ የእሷ ቤት ጉድጓድ አለው። ልጅ ሲያመሽ ባለቤቴ «አትጨነቂ» ይለኝና ወደ ግድግዳ ዞሮ ያንኮራፋል። አትጨነቂ የሚለኝ ሰው ሁሉ ጭንቀቱን እዚያው ለእኔ ትቶ የሚሄድ ሰው ነው።

የገባሁበት ክፍል ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። የጆንያ ሽታ ግድግዳው ውስጥ ቀርቷል። ከጣሪያው ሥር የእጅ ስፋት ያላት መስኮት ነበረች፤ በእሷ በኩል ባጃጅ ሲጮህ ይሰማል፣ የመስጊዱም የቤተ ክርስቲያኑም ድምፅ ይገባል። ወለሉ ላይ ሁለት ፍራሽ ለአራት ሰው። ስገባ የሶፊዋ ሴት ፍራሹን ጠጋ ብላ ለቀቀችልኝና «ነይ አቦ፣ ቁጭ በይ። አብሽሪ» አለችኝ።

አብሽሪ ማለት አይዞሽ፣ ደግ ይሆናል ማለት ነው፤ የእስላሞቹ ቃል ነው። ከአትጨነቂ ጋር አንድ ይመስላል። አይደለም። አብሽሪ የምትል ሴት አጠገብሽ ቦታ ለቃልሽ ነው የምትናገረው።

እዚያ ውስጥ ስም አንጠያየቅም ነበር። የእኔ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዋ ስሟን ልትነግረኝ ስትል «ተይ፣ አትንገሪኝ። ስጠየቅ አላውቅም ማለት እንድችል» አልኳት። ብልህ የሆንኩ መስሎኝ ነው። ከዚያ በኋላ እኔን «ጨው» አሉኝ፣ እሷን «ሶፊ» አልናት፣ አስተማሪዋን «ቲቸር»፣ ትልቋን «እማማ»።

ሶፊ የታሰረችው በግቢዋ ስብሰባ ተደርጓል ተብላ ነው። «ሰዎቹ ጥላ ፈልገው ዛፌ ሥር ተቀመጡ። እኔ ጫት እያሰርኩ ነበር፤ ምን እንዳወሩ ወላሂ አልሰማሁም» ትል ነበር። «ዛፉን ለምን አላሰሩትም?»

ክኒኔን ባለቤቴ በማግስቱ ከምሳ ጋር አመጣው። ጠባቂዎቹ መሳቢያቸው ውስጥ አስቀመጡት። በየጠዋቱ መውሰድ ሲገባኝ አንድ ቀን በአራት ሰዓት፣ አንድ ቀን በዘጠኝ ሰዓት ይሰጡኛል፤ አንድ ቀን ጭራሽ ቁልፉ ጠፋ ተባለ። ለግፊት የተሰጠኝ ክኒን ራሱ ግፊቴን ከፍ ሲያደርገው ዋለ። በየሰዓቱ በሩ ጋ ሄጄ ስለምጠይቅ ሁሉንም አሰለቸኋቸው። እማማ እንኳ «ልጄ፣ በዚህ አያያዝሽ ከክኒኑ በፊት አንቺ ታልቂያለሽ» አሉኝ።

እንዲህ የሆንኩት ወድጄ አይደለም። ከሦስት ዓመት በፊት ጤና ጣቢያ ግፊቴን የለካችኝ ሲስተር ብዙ ነገር አስረድታኛለች። አትጨነቂ ያላለችኝ እሷ ብቻ ናት።

«ጅብ ሲመጣብሽ ሰውነትሽ ምን ያደርጋል? ደም ሥርሽ ይጠባል፣ ልብሽ ይሮጣል። ጅቡ ሲሄድ ማረፍ አለበት። አንቺ ግን ጠዋት አንድ ጅብ፣ ቀትር አንድ ጅብ፣ ማታ ሌላ ጅብ ነው ያለሽ። መቼ ይረፍ?»

«ሲስተር፣ እኛ የሐረር ሰዎች ጅብ አንፈራም» አልኳት። «እኔ የምፈራው ስልክ ሲጠራ ነው።»

«ይኸው፣ ጅብሽ እሱ ነው» አለችኝ።

ልብን የሚጎዳው አንድ ትልቅ ሐዘን ብቻ አይደለም፣ የየቀኑ ትንሽ ትንሹ ነገርም ነው አለችኝ። ወጣት እያለን ሰውነት ይሸከመዋል፤ አርባን ስናልፍ መታየት ይጀምራል። ደም ሥር ይደርቃል፣ ልብ ይደክመዋል፣ ጭንቅላትም ይረሳል። ስኳሩን ጨው ዕቃ ውስጥ የገለበጥኩት፣ አንዱን ልጄን ለመጥራት የሁሉንም ስም የማዞረው ለካ እርጅና ብቻ አይደለም። ደም ሥሩ ጭንቅላት ውስጥ ሲዘጋ ወይም ሲፈነዳ ደግሞ ስትሮክ ይሆናል አለች። ሦስት ነገር አስጠናችኝ፦ ፈገግ አሰኚ፣ ሁለት እጅ አስነሺ፣ አንድ ነገር አናግሪ። ፊቱ ከተጣመመ፣ አንዱ እጅ ከወደቀ፣ ቃሉ ከተንተባተበ ሐኪም ቤት ነው። ወዲያው። ምንም ነገር በአፉ እንዳትሰጪ፣ ውሃም ቢሆን፤ ወደ ሳንባው ይገባል።

የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ቢሆንም ይህን አልረሳሁትም። ባለቤቴን ትንሽ ራሴን አመመኝ ባለ ቁጥር «እጅህን አንሳ» እለዋለሁ። «ፖሊስ ሆንሽብኝ እንዴ?» ይለኛል።

ይህን ለሴቶቹ ስነግራቸው ሶፊ ሆዷን ይዛ ሳቀች። እሷ ጫት ሻጭ ሆና ጫት አትቅምም። «አንቺ ጨው ሻጭ ጨው አትበዪም፣ እኔ ጫት ሻጭ ጫት አልቅምም። አላህ የሰበሰበን ለዚህ ነው» አለች። ስቃ ስትጨርስ ግን እጇ ወደ ማጅራቷ ሄደ። ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚሄደው።

«ምንሽን ነው?» አልኳት።

«እዚህ ጋ ያመኛል። ሻሹን ጠበቅ አድርጌ አስርበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ። ጫት መነገድ ከጀመርኩ ጀምሮ። ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ካልደረሰ እኮ ሣር ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ከቅጠል ጋር ስሽቀዳደም ኖርኩ። መኪናው ይዘገያል፣ ኬላው ያስቆማል፣ ቅጠሉ ይጠወልጋል፣ ራሴን ያመኛል። እንዲህ ነው የኛ ኑሮ።»

«ግፊትሽን ተለክተሽ ታውቂያለሽ?»

«አብሽሪ አንቺ፣ ምን ያደርግልኛል? የለካኝ ሰው ጫቴን ገበያ አያደርስልኝ።»

ተናደድኩባት። ማግስቱን ጠባቂዎቹን ግፊት የሚለካ ሰው አምጡላት ብዬ ጠየቅሁ። «እዚህ ሆስፒታል መሰለሽ?» አሉኝ።

ስድስተኛው ቀን ነው። ጠዋት ተረኛዋ ክኒኔን ስትሰጠኝ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ወረቀትሽ ተፈርሟል። ነገ ትወጫለሽ። ዛሬን ብቻ ዝም ብለሽ ዋይ» አለችኝ። ለማንም አልነገርኩም። ዝም ለማለት ተዘጋጀሁ። ትንሿ ልጄ ፀጉሯን ማን እየሠራላት ይሆን ብዬ እያሰብኩ ተቀመጥኩ።

የዙህር፣ የቀትሩ ሶላት አዛን ተሰማ። ሶፊ በጆጋችን ውሃ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ጥግ ላይ ቆመች። እኔ ሥራ ስለሌለኝ በየቀኑ ስትሰግድ አያት ነበር። ስትጀምር ሁለት እጆቿን ወደ ጆሮዋ ታነሳለች። ያን ቀን የተነሳው ግራ እጇ ብቻ ነው። ቀኙ እስከ ወገቧ መጣና ተመለሰ።

ሶላት ላይ ያለ ሰው አይናገሩትም። በሐረር ያደገ ክርስቲያን ይህን ያውቃል፤ እናቴ ከሕፃንነቴ አስተምራኛለች። ስለዚህ እስክትጨርስ ጠበቅሁ። እስካሁን በራሴ የምናደድበት አንዱ ነገር ያ መጠበቄ ነው። ተደፋች፣ ተነሳች። እንደገና ተደፋች፤ ከዚያ አልተነሳችም። ቀስ ብላ ወደ ቀኝ ተጋደመች።

ሄጄ ቀና አደረግኋት። «ሶፊ፣ ፈገግ በይልኝ።»

አየችኝ። የአፏ ግራ በኩል ወደ ላይ ሄደ፤ ቀኙ እንደ ተንጠለጠለ ቀረ። አንድ ነገር ልትለኝ ሞከረች። አብሽሪ ልትለኝ እንደሆነ ገባኝ። የወጣው ግን ቃል አልነበረም፣ እርጥብ ድምፅ ነው።

«ምች ነው፣ ምች መቷት ነው። ዳማከሴ ቢገኝ» አሉ እማማ።

«አይደለም እማማ። በሩን ምቺ» አልኩ ለቲቸር። የቆርቆሮውን በር በሁለት እጇ መታችው።

ተረኛዋ ገባች። የሶፊን ፊት አየች፣ በከንፈሯ ጫፍ የሚወርደውን ምራቅ አየች፣ ወደ ላይ የተሳበውን ግራ ጉንጯን አየች፤ ፊቷ ጠቆረ።

«ትፊው» አለቻት።

እኔ አልገባኝም። «ምኑን?»

«ጫቱን ነዋ። ጉንጯ ሞልቶ መናገር እስኪያቅታት ድረስ። ትናንት ከዳቦ ውስጥ ያወጣሁት አልበቃ ብሎ። እኔን ልታስቀጡኝ ነው?»

እውነት ነው፣ በዋዜማው ለወንዶቹ ክፍል ከመጣ ዳቦ ውስጥ ጫት ተገኝቶ እሷ ተቆጥታለች። ይህች ልጅ በሐረር ጉንጩ ያበጠ፣ ምራቁ የሚወርድ፣ ቃሉ የሚንተባተብ ሰው ስንት ሺህ ጊዜ አይታለች። ሌላ ምን ታስብ? እንዲህ እያልኩ አሁን እፈርድላታለሁ። ያን ጊዜ ግን ራሴን ግድግዳ ላይ መምታት አማረኝ።

«ጫት አትቅምም» አልኳት።

«ጫት ነጋዴ ሆና?»

«እኔም ጨው ነጋዴ ነኝ። ጨው በልቼ አይተሽኛል? አሟታል፣ ስትሮክ ነው። መኪና ጥሪ።»

«ነገ የምትወጪ ሰው ነሽ» አለችኝ ቀስ ብላ። «አርፈሽ ተቀመጪ።»

እማማና ቲቸር ወደ እኔ ዞሩ። አፈርኩ። ተረኛዋ ከጆጉ በጣሳ ውሃ ቀዳችና ሶፊ አጠገብ ተንበረከከች። «ተጉመጥመጪ፤ እንትፍ ትያለሽ አሁን።» በአንድ እጇ አገጯን ያዘች።

እጄን ዘረጋሁ። «አምጪው፣ እኔ ላጉመጥምጣት» አልኳት። ሰጠችኝ። ጣሳውን ይዤ ቆምኩና ውሃውን እስከ መጨረሻው ራሴ ጠጣሁት።

«ምን ማድረግሽ ነው?»

«ጠማኝ» አልኳት። ባዶውን ጣሳ ከኋላዬ ያዝኩት።

ሌላ ልትቀዳ ስትዞር ቲቸር ጆጉን አቅፋ ጥግ ላይ ተቀመጠች። ተረኛዋ ኃላፊውን ልትጠራ ወጣች። በሩን ልትዘጋ ስትል እማማ ነጠላቸውን ሰብስበው መጡና ደፉ ላይ ቁጭ አሉ። «እማማ፣ ይነሱ» አለቻቸው። «ጉልበቴን አሞኛል ልጄ። አንቺ ሂጂ፣ የምትጠሪውን ጥሪ፤ እኔ እዚሁ ነኝ።» ሰባ ዓመት ያለፋቸውን ሴት ጎትታ አታነሳቸው ነገር፣ ቆማ ቆማ ሄደች።

ኃላፊው አፉን እየጠረገ መጣ። በእኔ ዕድሜ ያለ፣ ወፍራም ሰው ነው። ሦስት ደረጃ ወጥቶ ሲተነፍስ ከሩቅ ይሰማል።

«ሐኪም ነሽ?» አለኝ።

«አይደለሁም። አምስተኛ ክፍል ነኝ።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ስለምፈራ ነው። የሚፈራ ሰው ይማራል። እርስዎ ራስዎ ያረጋግጡ። ፈገግ በይ ይበሏት።»

እንደምቀልድበት ሁሉ አፈጠጠብኝ። ከዚያ ወደ ሶፊ ዝቅ አለ። ቀበቶው ሆዱን ይዞት ነበር፤ ለመንበርከክ ተቸገረ።

«ፈገግ በይ እስቲ» አላት።

ዓይኗን ወደ እኔ መለሰች።

«ፈገግ በይ። ምንም አንልሽም፣ ትንሽ ብቻ።»

የታሰረን ሰው ኃላፊ ፈገግ በይ ብሎ ሲለምን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሶፊም ነገሩ ሳያስቃት አልቀረም፤ በእውነት ሳቀች። በግማሽ ፊቷ። ግማሹ ዝም ብሎ ወደ ታች አየ።

«ሁለት እጅሽን አንሺ።»

ግራው ተነሳ። ኃላፊው ቀኝ እጇን በራሱ እጅ አንስቶ ለቀቀው። እንደ ጨርቅ ወደቀ። ተነስቶ በእጁ የራሱን ማጅራት ያዘ። «መኪና» አለ።

መኪናው ነበረ፤ ሾፌሩ ምሳ ሄዷል። ሾፌሩ ተደወለለት፤ አያነሳም። ሌላ መኪና ለመጥራት የሚፈርም ሰው የለም። ለመውጫዋ ደብዳቤ ያስፈልጋል፤ ማኅተሙ የተቆለፈበት ቢሮ ነው። እኔ በር ላይ ቆሜ «ሰዓቱ፣ ሰዓቱ» እላለሁ። ሲስተር ያስጠናችኝ ሰዓቱን ነው፤ ማኅተሙን አልነገረችኝም። የኔም ልብ ጆሮዬ ውስጥ ይመታ ነበር። በመጨረሻ ተረኛዋ ራሷ ማንንም ሳታስፈቅድ ከመንገድ ባጃጅ አስቁማ አስገባች።

በብርድ ልብስ አንስተን ስናወጣት ሻሿ ወለሉ ላይ ቀረ። ግቢው በወንድ የተሞላ ነው። በእነዚያ ስድስት ቀናት ፀጉሯን ገልጣ ስትተኛ እንኳ አላየኋትም። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ግንባሯን ጨምሬ አሰርኩላት፣ በጆሮዋ በኩል ጠቅለል አድርጌ፣ እሷ እንደምታስረው። በግራ እጇ እጄን ያዘች። አጥብቃ ነው የያዘችኝ፤ ተረኛዋ ናት ጣቶቿን ያላቀቀችው። ባጃጁ ወጣ። ከዙህር ተነስተን ለከሰዓቱ ሶላት፣ ለአስር አዛን፣ ጥቂት ሲቀረው ነበር።

በማግስቱ አልወጣሁም። ለምን ብዬም አልጠየቅሁም። ሌላ አሥራ አንድ ቀን ቆየሁ። ተረኛዋ ግን ከዚያ በኋላ ክኒኔን በተራዋ ቀን አንድም ጊዜ አላሳለፈችብኝም። ሦስተኛው ቀን ላይ በሩን ገርበብ አድርጋ «ያ የእጁ ነገር እንዴት ነበር? እናቴ ግፊት አለባት» አለችኝ። ሦስቱንም አስጠናኋት። ስለ ሶፊ ስጠይቃት «ሐኪም ቤት ደረሰች፣ ከዚያ ቤተሰቦቿ ወሰዷት አሉ» አለችኝ። ሌላ አታውቅም።

ስወጣ መጀመሪያ የሄድኩት እዚያ ሐኪም ቤት ነው። «ስሟ ማን ነው?» አሉኝ። አላውቅም አልኩ። «የአባቷስ?» አላውቅም። «የእህትሽን ስም አታውቂም?» አለኝ መዝገብ ቤት የተቀመጠው ሰው፤ እህቴ ናት ብዬ ነበርና። ስጠየቅ አላውቅም ማለት እንድችል ብዬ ያደረግሁት እዚያ ወንበር ፊት መጣብኝ። ሶፊ ድረስ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። «ጫት የምትነግድ፣ ታስራ የነበረች» ስል ሰዎቹ ዝም ይሉኛል። የማያውቋት ሴት ስለታሰረ ሰው ስትጠይቃቸው እኔም ብሆን ዝም ነው የምለው።

ልጄ ደህና ነው። ግፊቴን በየወሩ እለካለሁ፤ አንዳንዴ ደህና ነው፣ ስልክ በጠራበት ሳምንት ከፍ ይላል። ሲስተር በቀን ትንሽ ሰዓት በእግርሽ ሂጂ ስላለችኝ ከሸዋ በር እስከ ኤረር በር በከተማው ግንብ ዳር እሄድና እመለሳለሁ። ጫት የያዙ ሴቶች ሲያልፉ ፊታቸውን ሳላይ አላልፍም። መጀመሪያ ፊታቸውን፣ ከዚያ ቀኝ እጃቸውን።

ይህን የሚያነብ ከሶፊ ወይም ከዚያ ወዲህ ያለ ሰው ካለ፣ ጫት ትነግድ የነበረች፣ እሷ ግን የማትቅም፣ ታማ ጥለት ያለው የክርስቲያን ነጠላ አስራ ወደ ቤት የተመለሰች ሴት የሚያውቅ ካለ፣ በሸዋ በር ጨው የምትሸጠዋን ብሎ ቢጠይቅ ያገኘኛል። ነጠላው ይቅር። ስሟን ንገሩኝ። ስትሰግድ ሁለቱም እጆቿ ይነሱ እንደሆነም ንገሩኝ።